በሰው አገር ባንኮኒ

ሜቲ ዲሳሳ ጃፓን የሄደችው የቤኒሻንጉል ክልል ገና ተቋቁሞ፣ አሶሳ ላይ ቢሮው ሁሉ ወንበርና ማኅተም በሚያሟላበት ዘመን ነበር። የአትክልት ልማት ባለሙያ ናት። የተወለደችው ባምባሲ ነው። አባቷ ኦቦ ዲሳሳ ከወለጋ ቡና ሊነግዱ መጥተው እዚያው ቀሩ፤ እሷም ከእርሻ ኮሌጅ እንደወጣች አሶሳ ተቀጥራ የአንድ ትንሽ ክፍል ኃላፊ ሆነች። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ስለነበረ የሥልጠናው ዕድል ሲመጣ ከሁሉ ቀድሞ የታሰበችው እሷ ነበረች።

አብረዋት የሄዱት ሁለት ናቸው። አንደኛው የቢሮው ምክትል ኃላፊ ዓብዱልባሲጥ ነው። የመንጌ በርታ ነው፤ ሱዳን በዐረብኛ ተምሮ፣ አማርኛን በሥራ ላይ የለመደ። ለሴትም ለወንድም «አንተ» ይላል። ሜቲ መጀመሪያ ሰሞን ከንፈሯን ነክሳ ትስቅ ነበር፤ እየቆየ ጆሮዋ ለመደው። ሁለተኛው ይገረም ይባላል፤ የፕላን ባለሙያ፣ የወንበራ ደብረ ዘይት ልጅ። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ከአንገቱ ካሜራ አይወርድም።

ሥልጠናው በደህና አለቀ። ችግኝ አፈላል አዩ፣ የመስኖ ቦይ አዩ፣ አንዲት የወደብ ከተማ ውስጥ ከርመው ሊመለሱ ዋዜማው ደረሰ። በዚያ ቀን የጋበዛቸው ማኅበር ሊቀመንበር፣ ኦካሙራ የሚባሉ ሽማግሌ፣ በራሳቸው ወጪ እራት ሊያበሏቸው ፈለጉ። የሚወስዷቸው ተራ ምግብ ቤት አልነበረም። አንድ ስመ ጥር ወጥ ሠሪ ባንኮኒ ፊት የሚቀመጡበት፣ እሱ እየሠራ እነሱ የሚበሉበት፣ ቦታ ለማግኘት ወራት የሚጠበቅበት ቤት ነው።

ከሰዓት በኋላ አስተርጓሚያቸው ሚዶሪ ወግ ልታስተምራቸው ሆቴል መጣች። ቀጭን፣ ቸኩላ የምትናገር ወጣት ናት። ከጃፓንኛ ወደ እንግሊዝኛ እሷ ትመልሳለች፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ደግሞ ሜቲ። «ሽቶ አትቀቡ፤ የዓሣውን ጠረን ያጠፋል። የመብያ እንጨቶቻችሁን ሩዝ ላይ አትትከሉ፤ ለሙት የሚደረግ ነው። ወጥ ሠሪው አንድ አንድ እያለ ፊታችሁ ያስቀምጣል፤ እንዳስቀመጠ ብሉት፣ አይቆይ። ይህን ስጡኝ፣ ያን አልፈልግም አይባልም። እሱ ያመነበትን ነው የሚያቀርብ።»

«ታዲያ ጉርሻ በሉን እንጂ!» አለ ይገረም። «ጉርሻ ተቀበል ሲሉህ አፍህን ከፍተህ ነው። ይህን ከእናቴ ቤት ተምሬ ነው የመጣሁት።»

ዓብዱልባሲጥ ሳቀ። እሱም ቢሆን እንግዳ ሲሆን እንዴት እንደሚኮን ያውቃል። በርታ ቤት የቀረበ ምግብ ሳይቀምሱ መነሳት ነውር ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ የአሳማ ሥጋ እንዳይኖር። ሚዶሪ «ዓሣ ብቻ ነው፤ አይስጉ» አለች።

ቤቱ ጠባብ ነበር። ስምንት ሰው የሚያስቀምጥ ነጭ የእንጨት ባንኮኒ፣ ከኋላው ነጭ ለብሶ ራሱን በነጭ ጨርቅ ያሰረ ሽበታም ሰው። ሲገቡ አጎንብሶ እጅ ነሳ፤ ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣውም። ቢላዋው ሥራውን ጀመረ። ሜቲ ሰው እንደዚህ ዝም ብሎ ሲሠራ አይታ አታውቅም። ሩዙን በመዳፉ ይጠቀልላል፣ የዓሣውን ስስ ቁራጭ ከላዩ ያሳርፋል፣ በትንሽ ብሩሽ ጥቁር ስጎ ይቀባና ፊታቸው ያስቀምጣል። ከዚያ ቀና ብሎ አፋቸውን ያያል።

ይገረም የመጀመሪያውን ጎርሶ ዓይኑን ጨፈነ። ጾመ ሐዋርያት ገብቶ ነበር፤ እሱ ግን «ዓሣ አይከለከልም» ብሎ ራሱን በራሱ ፈቷል። «ሜቲ ሙች፣ ይህ ጥሬ ነው ብሎ ማን ያምናል? እንደ ቅቤ ነው የሚቀልጠው!»

ሜቲ ጥሬ ዓሣ አስቦት የማያውቅ ሆዷን እየተለማመጠች ዋጠች። ዓብዱልባሲጥ ግን ደስ ብሎት በላ። ልጅ ሆኖ ከወንዝ አምባዛ ያወጣ እንደነበር፣ አባቱ ዓሣውን እዚያው ድንጋይ ላይ ይጠብሱላቸው እንደነበር አጫወታቸው። ወሬው በሜቲ በኩል፣ ከዚያ በሚዶሪ በኩል ኦካሙራ ዘንድ ሲደርስ ሽማግሌው ባንኮኒውን መታ መታ እያደረጉ ሳቁ። እሳቸውም የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነበሩ። ሁለቱ ሰዎች በሁለት አስተርጓሚ አሻግረው ስለ ወንዝና ስለ መረብ ሲጫወቱ ሜቲ ልቧ ሞቀ። ያን ያህል ጊዜ አብራው ስትሠራ ዓብዱልባሲጥ ስለ አባቱ ሲያወራ ሰምታው አታውቅም ነበር።

ኦካሙራ በትንሽ ጠርሙስ መጠጥ አስመጡና በየስኒው መቅዳት ጀመሩ። ዓብዱልባሲጥ እጁን ስኒው አፍ ላይ ከደነ። ሽማግሌው ገባቸው፤ ግንባራቸውን መታ አድርገው ይቅርታ ጠየቁና በዚያው ዓይነት ስኒ ሻይ አስመጡለት። ማንም አልተከፋም። ይገረም ወጥ ሠሪውን በምልክት አስፈቅዶ ሁላቸውንም ፎቶ አነሳ፤ እሱም ራሱን ነቀነቀለት።

ነገሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወጥ ሠሪው ስጎው ሲያልቅበት ትንሽ ድስት ጣደ፤ ኦካሙራ ይቀዱበት የነበረውን ዓይነት ጠርሙስ አንስቶ ጨመረበት፤ ሲንተከተክ ብሩሹን ነከረ። ዓብዱልባሲጥ አየ። ቀጣዩ ጉርሻ ፊቱ ተቀመጠ። እጁን ሰደደና መለሰው።

«ሜቲ፣ እስኪ ጠይቅልኝ» አለ ፈገግ እንዳለ። «ይህ የሚቀባው ነገር መጠጥ የለውም አይደል?»

ሜቲ ለሚዶሪ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ። ጎንበስ ብላ በጆሮዋ፣ «አለው፤ የሩዝ መጠጥ ነው። ግን ሲፈላ ይተናል። ሩዙም ላይ ጥቂት አለ። እባክሽ የለውም በዪው። ኦካሙራ ይህን ቦታ ለማግኘት ስንት ለምነዋል። ስለ ምግባችሁ ቀድሜ ማጣራት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ አሳማ ብቻ መስሎኝ ነው። እባክሽ» አለቻት።

ባንኮኒው ላይ ያሉት ሁሉ የሜቲን አፍ ይጠብቃሉ። ወጥ ሠሪው እጁን አቁሞ ያያታል። ኦካሙራ ምን ተባለ ብለው አንገታቸውን አስግገዋል። ዓብዱልባሲጥ አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው። የለውም ማለት እንዴት ቀላል ነበር! አንዲት ቃል ናት። ማንም አያውቅ። ግን ሰውዬው የጠየቃት ስለ ሃይማኖቱ ነው፤ ለዚያውም እሷን አምኖ። እሷ የመካነ ኢየሱስ ምዕመን ናት፤ ሐራሙ የእሷ አይደለም። የእሷ ባልሆነ ነገር ላይ እንዴት አድርጋ ትፍረድ?

«አለው» አለች። «ሲፈላ ይተናል ይላሉ፤ ግን አለው። ሩዙም ላይ አለ።»

የዓብዱልባሲጥ ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ። የበላውን እንደሚቆጥር ሁሉ ባዶ ሳህኑን አየ። ከዚያ ፊቱ ያለውን ጉርሻ በሁለት ጣቱ ወደ ፊት ገፋ አደረገው።

ያቺ ገፋ ማድረግ ቤቱን በረዶ አደረገችው። ወጥ ሠሪው አንድ ቃል ተናገረ፤ ለሚዶሪ ነው። ሚዶሪ መለሰች። ወጥ ሠሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቆጣ ብሎ ደግሞ ተናገረ፤ ሜቲ ባይተረጎምላትም ገባት፤ «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» ነው። ኦካሙራ ከወንበራቸው ወርደው ዓብዱልባሲጥ ፊት ቆሙና ወገባቸው እስኪታጠፍ አጎነበሱ። አንድ ጊዜ አይደለም። ደጋግመው። የሰማንያ ዓመት ሰው! ዓብዱልባሲጥ ደንግጦ ተነሳ፣ ትከሻቸውን ይዞ ሊያቃናቸው ሞከረ፣ በአማርኛም በዐረብኛም «ግድ የለም፣ ማዓሌሽ፣ ማዓሌሽ» አለ፤ ሽማግሌው ግን አልቃና አሉ። ሚዶሪ ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

ወጥ ሠሪው ቢላዋውን አጠበ፣ ጣውላውን አጠበ፣ አዲስ ዓሣ አውጥቶ በጨው ብቻ እሳት ላይ ጠበሰና ለዓብዱልባሲጥ አቀረበለት። ጥሩ ዓሣ ነበር መቼም። ዓብዱልባሲጥ አንገቱን ደፍቶ በላው። የወንዙ ጨዋታ ግን እዚያው ሞተ። የቀረውን እራት የቢላዋ ድምፅ ብቻ እየሰሙ ጨረሱ።

ወደ ሆቴሉ ሲመለሱ ዓብዱልባሲጥ በር ላይ አስቆማት። ይገረም ቀድሞ ገብቷል።

«ለምን ነገርከኝ?» አላት።

ሜቲ የሰማችውን ማመን አቃታት። «ጠይቂ አሉኝ እኮ።»

«ጠየቅኩ። አዎ፣ ጠየቅኩ። 'የለውም አይደል' ብዬ ነው የጠየቅኩ። ሰው በሰው ቤት እንደዚህ ሲጠይቅ ምን ፈልጎ እንደሆነ አታውቅም? የለውም ብትለኝ እኔ አላወቅኩም፤ አላህም ያውቃል እንዳላወቅኩ። ያ ሽማግሌ አይሰግድልኝም ነበር። ያቺ ልጅ አታለቅስም ነበር። ወላሂ ዛሬ አዋረድከኝ።»

«ብዋሽዎት ይሻል ነበር?»

ትቷት ገባ። በማግስቱ በአውሮፕላኑ ላይ ከይገረም ጎን ተቀምጦ ተመለሰ።

ሜቲ ያን ሌሊት ሙሉ ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ አደረች። መጀመሪያ በእሱ ተናደደች፤ ቀጥሎ ሚዶሪን አሰበቻት። ከሥራ ያስወጧት ይሆን? አንዲት «አለው» ብትል ሦስት ሰው ጎዳች። ውሸቱ ግን ማንን ይጎዳ ነበር? ይህን ጥያቄ ይዛ አዲስ አበባ ደረሰች፤ ይዛው አሶሳም ገባች።

ሐምሌ ነበር። አሶሳ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል፤ ቢሮ ውስጥ ደግሞ የአዲሱ በጀት ዓመት ምደባ ወሬ ይናፈሳል። ኃላፊነቱ ሁሉ ለክልሉ ተወላጆች ይሰጣል ተባለ። ሰው በየኮሪደሩ ይቆጥራል፤ እገሌ በርታ ነው፣ እገሌ ጉሙዝ፣ እገሌ ሺናሻ። የባምባሲ ኦሮሞ ምንድን ነው? የሰፈረ አማራስ? ትናንት ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ በአንድ ክረምት የሁሉም ሰው ጥያቄ ሆነ።

ቅዳሜ ዕለት ባምባሲ ወረደችና ለአባቷ አጫወተቻቸው። ኦቦ ዲሳሳ ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቁ ነበር። የጃፓኑን ነገር ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኬሱማ ናችሁ ይሉናል፤ እንግዳ። እንግዳ ሲጠየቅ ምን ይላል? 'ጠገብኩ፣ ይመስገን' ነው የሚል። አንቺ ማን ነሽና በሰው ማዕድ ላይ እውነት ትናገሪያለሽ? ለዚያውም ለአለቃሽ! ለዚያውም በዚህ ጊዜ!»

«አባ፣ እኔ እዚህ ነው የተወለድኩት። የማን እንግዳ ነኝ?»

«አውቃለሁ የት እንደተወለድሽ። እዚህች ጓሮ ክፍል ነው፤ አዋላጇን በዝናብ ሮጬ የጠራሁ እኔ ነኝ።» ቆይተው ደግሞ፣ «ልጄ፣ እነሱም ወደው አይደለም። ድሮ ወደዚህ ስመጣ በርታው ቢሮ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲያቃጥለው ይውላል፤ የሚያናግረው አልነበረም። አሁን ተራቸው ነው። ተራው ግን እኛ ላይ ወደቀ» አሉ።

በዚያው ሰሞን ይገረም ፎቶዎቹን ለቢሮው ሰው አደለ። አዲስ አበባ ላይ አሳጥቦ ነው ይዞ የመጣው። ተንኮል አልነበረውም፤ እያሳቀ ነው የሚያሳይ። ከፎቶዎቹ አንዱ ላይ ዓብዱልባሲጥ ስኒ አንስቶ፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ዓይኑ እስኪጠፋ ሲስቅ ይታያል። ከፊቱ የኦካሙራ ጠርሙስ ቆሟል። ያን ፎቶ አንድ ሰው ወሰደው፤ የዓብዱልባሲጥን ወንበር የሚፈልግ ሰው ነው ይባላል። ፎቶው ሻይ ቤት ለሻይ ቤት ዞረ። ሳምንት ሳይሞላ ከተማው ሁሉ «ምክትሉ ጃፓን ሄዶ ሰክሮ መጣ» አለ።

ይገረም ሲሰማ ጭንቅላቱን ይዞ ሜቲ ጋ መጣ። «ሻይ ነው ብዬ ለሃምሳ ሰው ምያለሁ። የሚያምነኝ የለም። 'አንተማ ጓደኛው ነህ' ይሉኛል።»

«ፎቶውን ምን አስበህ አደልክ?»

«ሲስቅ አምሮበት ነዋ! አሶሳ ውስጥ እንደዚያ ሲስቅ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

ሜቲ አላየችም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሼህ ጀዕፈር ቢሮዋ ድረስ መጡ። የዓብዱልባሲጥ አጎት ናቸው፤ የእህል ነጋዴ፣ በመስጊዱም ቃላቸው የሚደመጥ። ጃንጥላቸውን ደጅ አቁመው ገቡ። ሜቲ ተነስታ ወንበር ሰጠቻቸው። ስለ ዝናቡ ጠየቁ፣ ስለ አባቷ ጤና ጠየቁ፤ ኦቦ ዲሳሳን በንግድ ያውቋቸዋል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ አንተ አብሮ ነበርክ። አንተ ለመዋሸት ምክንያት የለህም፤ ዘመዱ አይደለህም፣ ሃይማኖትህ ሌላ ነው። ለዚህ ነው አንተ ጋ የመጣሁ። ልጁ ጠጣ?»

«አልጠጡም። ስኒው ውስጥ ያለው ሻይ ነው። መጠጥ ሊቀዱላቸው ሲሉ እጃቸውን ከደኑበት።»

«ፎቶው ላይ ያለ ጠርሙስ?»

«የጋበዙን ሽማግሌ ነው።»

ሼህ ጀዕፈር ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግን አልተነሱም። «ምግቡስ? ሌላ ነገር አልነበረም? ሰው አንድ ነገር ሲያወራ ሰማሁ።»

ሜቲ ጠረጴዛዋን አየች። እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። «ምንም አልነበረም» ማለትም ይቻላል። ሼሁ ምን መስማት እንደሚፈልጉ ፊታቸው ይናገራል።

«ነበር» አለች። «ስጎው መጠጥ ነበረበት። ሳያውቁ ጥቂት በሉ። ከዚያ ራሳቸው ጠየቁ። አለው ሲባሉ ገፉት። ሰው ሁሉ እያያቸው ገፉት። እኛን የጋበዙት ትልቅ ሰው ተንበርክከው ይቅርታ ሊለምኗቸው ምንም አልቀራቸውም፤ እሳቸው ግን አልነኩትም።»

«ጠየቀ?» አሉ ሼህ ጀዕፈር።

«ጠየቁ።»

«በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ባለቤቱ እያየው ጠየቀ?»

«አዎ፤ እኔ ነኝ የተረጎምኩት።»

ሽማግሌው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «አልሐምዱሊላህ። ሳያውቅ የበላ ወንጀል የለበትም። ጠይቆ የተወ ግን...» አልጨረሱትም። ተነስተው በሁለት እጃቸው እጇን ጨበጡና በዝናቡ ውስጥ ወጡ።

ወሬው በዚያ ቆመ። ጁምዓ ዕለት ሼሁ ከሶላት በኋላ አንድ ነገር ተናገሩ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ፎቶውን የሚያሳይ ሰው አልታየም።

ዓብዱልባሲጥ ቢሮው ያስጠራት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከጃፓን ከተመለሱ ጀምሮ ከሥራ ቃል ውጭ አነጋግሯት አያውቅም። ስትገባ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር።

«ጀዕፈር አንተ ጋ መጣ?»

«መጡ።»

«ምን አልከው?»

«ያየሁትን።»

በቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይንጫጫል፤ ጮክ ብሎ መናገር ነበረበት።

«ወንዝ ላይ ዓሣ የሚጠብስልኝ አባቴ» አለ፣ «ድሮ እዚህ አሶሳ በመሬት ተከሶ ነበር። አማርኛ አያውቅም። አስተርጓሚ ሰጡት። ዳኛው ረጅም ነገር ተናገረ፤ አስተርጓሚው 'እሺ በል' አለው። አባቴ እሺ አለ። ሰው ማስቀየም አልፈለገም፤ በሰው ቢሮ ነው፣ እንግዳ ነው። እሺ ሲል መሬቱ ሄደ። ቤት ገብቶ ነው የነገሩት። እስኪሞት ድረስ 'ያ ሰው ለምን እውነቱን አልነገረኝም' ይል ነበር።» ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ያን ቀን ሆቴሉ በር ላይ አንተን ስቆጣ ይህ አልታወሰኝም። አውሮፕላን ላይ ነው ትዝ ያለኝ። ልነግርህ ፈለግኩ፤ አፈርኩ።»

ሜቲ ያን ሁሉ ሳምንት የቋጠረችው ቂም ውስጧ ተላወሰ፤ ግን አልወጣም።

«አሁን ሌላ ነገር አለ» አለ ዓብዱልባሲጥ። «ምደባው ተሠርቷል። የአንተ ስም ካማሺ ነው።»

ካማሺ ከወለጋ ወዲያ ነው። በክረምት መንገዱ ይቆረጣል፤ ሄዶ የተመለሰ ሁሉ በጭቃው ይምላል።

«ምክንያቱ ምን ተባለ?»

«'ተወላጅ ስላልሆነች' ይላል። ክፍሉን የሚይዘው ጉሙዝ ልጅ ነው። ጎበዝ ነው፤ አንተ ራስህ አስተምረኸዋል።»

«ጎበዝ ነው» አለች። «እርስዎ ምን አሉ ታዲያ?»

«ዝም አልኩ። ያን ጊዜ በፎቶው ምክንያት የእኔም ስም ጠፍቶ ነበር። ዝም አልኩ።» ጣቶቹን አቆላለፈ። «ብትፈልግ ነገ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ልከራከርልህ እችላለሁ። ነገሩ ከባድ ነው ግን... አሁን ጊዜው...»

ዓረፍተ ነገሩን አንጠልጥሎ ተወው። ሜቲ ቀጥሎ ምን መባል እንዳለበት ታውቃለች። በደንብ ያደገ ሰው «አይ፣ ይተዉት፣ በእኔ ምክንያት አይቸገሩ» ይላል። አባቷ ቢኖሩ ጎኗን ይነኳት ነበር።

«ይከራከሩልኝ» አለች።

ዓብዱልባሲጥ ቀና አለ።

«ክፍሉን ልጁ ይያዘው። ይገባዋል። ካማሺም ሰው አለበት፤ እዚያም አትክልት ይበላል። ግን 'ተወላጅ አይደለችም' የሚለው ቃል ይውጣልኝ። እኔ ባምባሲ ነው የተወለድኩት። ያ ቃል ከስሜ ጎን ሆኖ አልሄድም።»

«ቃሉን ብቻ?»

«ቃሉን።»

ዓብዱልባሲጥ ራሱን ነቀነቀ፤ ደስ ብሎት ግን አልነበረም።

በማግስቱ ስብሰባው እስኪያልቅ ሜቲ በረንዳው ላይ ቆመች። ውስጥ ድምፅ ከፍ ከፍ ሲል ይሰማል፤ በበርታም በአማርኛም። አንድ ጊዜ «የማን ጠበቃ ነህ?» የሚል ጩኸት ሰማች፤ የማን ድምፅ እንደሆነ አልለየችውም። በሩ ሲከፈት ሰዎቹ አንድ አንድ እያሉ ሳያዩዋት አለፉ። ዓብዱልባሲጥ የመጨረሻው ነው። ደክሞታል፤ ሸሚዙ ብብቱ ላይ ረጥቧል።

«ቃሉ ወጣ» አላት። «'ለሥራው አስፈላጊነት' ተባለ። ካማሺ ግን ካማሺ ነው።»

«አመሰግናለሁ።»

«አታመስግነኝ። ጮኹብኝ። ምናልባት እኔንም በመስከረም ከዚህ ያነሱኛል።» ቆመና ደግሞ፣ «መጀመሪያ መናገር ነበረብኝ። አንተ ስትጠይቀኝ አይደለም፤ መጀመሪያ» አለ። ከዚያ ሄደ።

ሜቲ ነሐሴ ላይ ሄደች። ከአሶሳ ካማሺ ለመድረስ፣ በአንድ ክልል ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ ለመዛወር፣ ወለጋን አቋርጦ መሄድ ግድ ነው። የጫናት መኪና ባምባሲ ላይ ቆመ፤ አባቷ በላስቲክ የተጠቀለለ ቆሎና ብርድ ልብስ አቀበሏት። ምንም አልመከሯትም። መኪናው እስኪታጠፍ ዝናቡ ላይ ቆመው አዩአት፤ እሷም እያዩኝ አላለቅስም ብላ ታገለች፤ ዳገቱን ሲወጡ ግን አለቀሰች። ሾፌሩ ራዲዮኑን ከፍ አደረገላት።

መንዲ ላይ ምሳ ቆሙ። የምግብ ቤቷ ባለቤት፣ ወፈር ያለች የደስ ደስ ያላት ሴት፣ በኦሮምኛ ምን ላምጣ ብላ ጠየቀቻት። ሜቲ በባምባሲ ኦሮምኛዋ መለሰችላት። ሴትዮዋ አነጋገሯን ሰምታ ፈገግ አለች።

«የዚህ አገር ሰው አይደለሽም። ከወዲያ ከቤኒሻንጉል ነሽ አይደል?»

«አዎ» አለች ሜቲ። «ከባምባሲ ነኝ።»

«ዘመድ ጥየቃ ነው?»

«አይደለም። ወደ ሥራዬ እየሄድኩ ነው።»

ሴትዮዋ ሽሮውን አምጥታ ጨው ካነሰው ንገሪኝ አለቻት። ሜቲ ቀመሰችው። በእርግጥም አንሶት ነበር፤ ነገረቻት። ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ ገና ግማሹን አልጨረሰችም፤ እጇን ታጥባ፣ አባቷ ብርድ ልብሱን የጠቀለሉበትን ላስቲክ በራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ በጭቃው መካከል እየዘለለች ወደ መኪናው ሮጠች።